ህንዶች በብርድ ወራት በትንሽ ወጪ ውጭ አገር የት ይሂዱ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዴልሂ ስኖር ህንዳውያን ጎረቤቶቼና እዚያ የሚማሩ የአገሬ ልጆች ደጋግመው ከጠየቁኝ የተሰበሰበ ነው፤ ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የህንዶች «ክረምት» መቼ ነው?

እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ነው የሚታየን። እነሱ ግን ብርዱን ነው የሚሉት። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ማለት ነው፣ እኛ ዘንድ በጋ ሲሆን። ግራ እንዳንጋባ እዚህ «የብርድ ወራት» እያልኩ እጽፋለሁ።

ይህ ጊዜ ሰሜን ህንድ ላይ ይከብዳል። ጃንዋሪ ላይ የዴልሂ ሌሊት ወደ 7 ዲግሪ ይወርዳል። አብዛኛው ቤት ማሞቂያ የለውም። ወለሉ ድንጋይ ስለሆነ ብርዱ ከእግር ነው የሚጀምረው። ጭጋግና ጭስ ተደባልቆ ጉሮሮ ይከረክራል። ስለዚህ ሰሜኖቹ የሚመኙት ፀሐይና ንጹሕ አየር ነው። በደቡብ ህንድ፣ ቼናይና ኮቺ ያሉት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሞቃቸው ብርድና በረዶ ይናፍቃሉ። የት እንሂድ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምመልስለት ጥያቄ «ከየትኛው ከተማ ነው የምትነሳው?» የሚል ነው።

ትኬትና ሆቴል የሚረክሰው መቼ ነው?

ከአገሩ በፊት ቀኑን ምረጡ። ይህን ሺህ ጊዜ ብናገር አይሰለቸኝም። ከዲሴምበር 20 እስከ ጃንዋሪ 5 ድረስ ሁሉም ሰው ይንቀሳቀሳል። ርካሽ የሚባለው አገር ሁሉ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውድ ይሆናል። ያው አውሮፕላን፣ ያው አልጋ፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ዋጋውን አይቶ አገር ይቀይራል። ከዚያ ይልቅ ሳምንቱን ቢቀይር የበለጠ ይተርፈዋል።

ጥሩዎቹ ጊዜያት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከዲሴምበር 1 እስከ 15 ያለው ነው። ሁለተኛው ከጃንዋሪ 6 በኋላ ያለው ነው። «ልጆች አሉን» እንዳትሉኝ፤ በዴልሂ የትምህርት ቤት እረፍት ብዙ ጊዜ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ይዘልቃል። ያችን የመጨረሻ ሳምንት ያዟት። ጃንዋሪ 26 የሪፐብሊክ ቀን ስለሆነ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥም ዋጋው እንደገና ይወጣል። እሱን ዝለሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲሴምበር መጨረሻና ጃንዋሪ ላይ የዴልሂ ጭጋግ የጠዋት በረራዎችን ያዘገያል። እኔ አንድ ዓመት ርካሽ መስሎኝ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ቆረጥኩ። የመጀመሪያው በጭጋግ አራት ሰዓት ዘገየ፣ ሁለተኛው ጥሎኝ ሄደ። ትኬቶቹ የተለያዩ ስለነበሩ ማንም ኃላፊነት አልወሰደም፤ እንደገና ከፈልኩ። የምትቀይሩት አውሮፕላን ካለ ሁሉንም በአንድ ትኬት ቁረጡ። ቀጥታ በረራ ከሆነ ደግሞ የከሰዓቱን ምረጡ።

ህንዶች ያለ ቪዛ የሚገቡት የት ነው?

ጸንተው የቆዩት ኔፓልና ቡታን ናቸው። ህንድና ኔፓል በ1950 የወዳጅነት ውል ተፈራርመዋል። ህንዳዊ ኔፓል የሚገባው በፓስፖርቱ ወይም በመራጭነት ካርዱ ነው። አዳሃር የሚባለው መታወቂያ ግን ከ15 ዓመት በታችና ከ65 በላይ ላሉት ካልሆነ በቀር አይበቃም። በዚህ ምክንያት ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። ለቡታንም ቪዛ አያስፈልግም፣ የመግቢያ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል።

ካዛኪስታን ከ2022 ጀምሮ ህንዶችን ለ14 ቀን ያለ ቪዛ ታስገባለች። ታይላንድ በኖቬምበር 2023 ቪዛውን አነሳች፣ ማሌዥያም በዲሴምበር 2023 ተከተለች። እነዚህ ግን እንደ ኔፓሉ ውል አይደሉም። መንግሥታቱ ቱሪስት ሲፈልጉ ይከፍታሉ፣ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ይዘጋሉ ወይም ቀኑን ያሳጥራሉ። ትኬት በምትቆርጡበት ቀን የኤምባሲውን ገጽ ተመልከቱ። ጓደኛ አምና የነገራችሁ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ታይላንድና ማሌዥያ ከመሳፈራችሁ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ቅጽም አላቸው። ቅጹ ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም።

ኔፓል ይሻላል ወይስ ቡታን?

በወጪ ከሆነ ኔፓል ነው። የኔፓል ሩፒ ከ1993 ጀምሮ ለአንድ የህንድ ሩፒ 1.60 ሆኖ ተቆልፏል። ስለዚህ ምንዛሬው አያስጨንቅም። ጊዜ ያለው ሰው በባቡር ጎራክፑር ድረስ ሄዶ፣ ሱናውሊ ላይ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ፣ አውቶቡስ ይይዛል። የቡድሃ የትውልድ ቦታ ሉምቢኒ እዚያው አጠገብ ነው። ፖክሃራ ከተማ ላይ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ሰማዩ ይጠራል። በጠዋት ሳራንግኮት ኮረብታ ላይ ብትወጡ የአናፑርና ተራራ ከፊታችሁ ተዘርግቶ መጀመሪያ ሮዝ፣ ቀጥሎ ወርቃማ፣ በመጨረሻ ነጭ ይሆናል። ለዚህ የሚከፈለው የታክሲ ሂሳብና ትንሽ መግቢያ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያዬ ስለ ሌሊቱ ነው። ርካሽ የካትማንዱ ሆቴሎች ማሞቂያ የላቸውም። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ወፍራም ብርድ ልብስና ስለ ሙቅ ውሃ ጠይቁ፤ «አለ» ሲሏችሁ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነም ጠይቁ። የህንድ ሩፒ ይዛችሁ ከሆነ የ100 ኖት ይሁን። ትልልቆቹ ኖቶች ላይ ለዓመታት ገደብ ስለነበረ ሱቆች አይወዷቸውም።

ቡታን ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው። ገንዘቧ ንጉልትረም ከህንድ ሩፒ ጋር እኩል ነው። ነገር ግን ህንዳዊ ለእያንዳንዱ ሌሊት 1,200 ሩፒ ለመንግሥት ይከፍላል። ባልና ሚስት አራት ሌሊት ቢያድሩ 9,600 ሩፒ ሆነ፣ ሆቴልና ምግብ ሳይጨመር። የቡታን አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለበት ወደ ፓሮ የሚበርሩት አየር መንገዶች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ትኬቱም አይረክስም። ወጪ የሚቀንሱት በባቡር ሃሲማራ ወርደው በጃይጋዎን በኩል ወደ ፉንትሾሊንግ የሚሻገሩት ናቸው። ለሦስት ቀን ጥድፊያ ከሆነ አይመከርም። ሳምንት ያለውና ጸጥታ የሚወድ ሰው ግን ይሂድ። በብርዱ ወራት ፎብጂካ ሸለቆ ላይ ከቲቤት የሚመጡት አንገተ ጥቁር ክራይን ወፎች ይታያሉ፤ ለዚያ ስል እኔ ብሆን እከፍላለሁ።

በረዶ ማየት እንፈልጋለን፤ አውሮፓ ደግሞ አቅማችን አይደለም። የት እንሂድ?

የካዛኪስታኗ አልማቲ። ከዴልሂ አራት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ቪዛ የለም፣ በረዶው ደግሞ ከከተማው ደጃፍ ነው። ከከተማው ወደ ሜዴው የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ትወጣላችሁ። ከዚያ በገመድ መኪና ሺምቡላክ ትደርሳላችሁ። ስኪ መማር ግዴታ አይደለም። ወጥቶ፣ በረዶ ነክቶ፣ ሻይ ጠጥቶ መውረድ ይቻላል። ሆቴላችሁን ከተማው ውስጥ ያዙ። ተራራው ላይ ያለው ውድ ነው።

ፎቃችን ላይ ያሉ አንዲት እናት ነበሩ፣ «አንቲ ጂ» ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በረዶ ያዩት በፊልም ብቻ ነበር። ልጃቸው በጃንዋሪ አጋማሽ ወሰዳቸው። ሺምቡላክ ላይ ከገመድ መኪናው እንደወረዱ የቀኝ እጃቸውን ጓንት አወለቁ። ጎንበስ ብለው በረዶውን ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። እስኪቀልጥ ድረስ ቆመው አዩት። ከዚያ ሌላ ቆነጠሩ። ልጃቸው የቀረጸውን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሳየው ዛሬም ሆዴ ይባባል።

የብርድ ልብስ ከመሄዳችሁ በፊት አትግዙ። ካፖርቱንም ሱሪውንም እዚያው በኪራይ ታገኛላችሁ። ከቤት የሚያዘው የውስጥ ሙቀት ልብስ፣ ወፍራም ካልሲና የማይንሸራተት ጫማ ነው። ጆርጂያም ደስ ትላለች። ጉዳውሪ ከትብሊሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ለህንዶች ግን ኢ-ቪዛ ያስፈልጋል፣ ድንበር ላይም ጥያቄው ይበዛል። የሆቴል ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ትኬትና ኢንሹራንስ በወረቀት አትማችሁ ያዙ። በረዶ ብቻ ከሆነ የተፈለገው ደግሞ እውነቱን ልናገር፦ እዚያው ህንድ ውስጥ ጉልማርግ አለ።

ባሕር ለሚወዱስ? ባሊ በዲሴምበር ርካሽ ነው ይባላል።

ባሊ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ዝናብ ነው። በዚያ ላይ አውስትራሊያውያን የትምህርት ቤት እረፍት ላይ ስለሆኑ ሆቴሉ ይሞላል። ዝናብ እየጠጣችሁ ውድ ትከፍላላችሁ። ባሊን ለጁን አቆዩዋት።

በብርድ ወራት ባሕር ስትመርጡ አገሩን ሳይሆን የባሕሩን ዳርቻ ነው መምረጥ። ታይላንድ ውስጥ ፉኬትና ክራቢ በዚህ ጊዜ ደረቅና ፀሐያማ ናቸው። በሌላው ጎን ያለችው ኮሳሙይ ግን በኖቬምበርና በዲሴምበር ዝናብ አለባት። ማሌዥያም እንደዚሁ ነው፤ ላንግካዊ ጥሩ ነው፣ የምሥራቁ ደሴቶች ግን ባሕሩ ስለሚናወጥ አብዛኞቹ ይዘጋሉ። ስሪላንካ ላይ ደቡብና ምዕራቡ፣ ማለትም ጋልና ሚሪሳ፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች ያምራል። በምሥራቅ ያለችው ትሪንኮማሊ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከቼናይ ለሚነሳ ሰው ኮሎምቦ ከዴልሂ ትቀርባለች። ለደቡብ ህንድ ቤተሰብ የመጀመሪያ ምክሬ ስሪላንካ ናት።

ማልዲቭስ የሀብታም ነው የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነት። እንደ ማፉሺ ባሉ ሕዝብ የሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። በሕዝብ ጀልባ ከሄዳችሁ ወጪው ይቀንሳል። ደሴቶቹ የሙስሊም ማኅበረሰብ ስለሆኑ አልኮል የለም፣ በዋና ልብስ መንገድ ላይ መሄድም ነውር ነው።

ቬትናም ለምን ሁሉም ሰው አፍ ላይ ሆነች?

ቪዛው ቀላል ነው። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ኢ-ቪዛው ለሁሉም አገር ዜጎች ተከፍቷል። ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር ነው፣ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። ቀጥታ በረራ አለ። ምድር ላይ ከወረዳችሁ በኋላ ደግሞ ምግቡም፣ አልጋውም፣ አውቶቡሱም ለህንድ ኪስ አይከብድም።

ተጠንቀቁ፣ አገሪቱ ረጅም ናት። ሃኖይና ሳፓ በጃንዋሪ ብርድ ናቸው። ከዴልሂ ብርድ ሸሽቶ ሳፓ መሄድ ትርፉ ሌላ ብርድ ነው። መካከሉ፣ ሆይአንና ሁዌ፣ እስከ ዲሴምበር ዝናብ ያገኘዋል። በደቡብ ያሉት ሆቺሚንና ፉኩዎክ ደሴት ግን ደረቅና ሞቃት ናቸው። አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁ ደቡቡን ይዛችሁ ተቀመጡ። «ቴት» የሚባለው አዲስ ዓመታቸው በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ አጋማሽ መካከል ይውላል። በዚያ ሳምንት ሱቅ ይዘጋል፣ ትኬት ይጠፋል። ከመቁረጣችሁ በፊት የዓመቱን ቀን እዩ።

ሥጋ የማይበላ ቤተሰብ ምን ይበላል?

ይህ ለህንዶች ትንሽ ጥያቄ አይደለም። አያቶች ካሉ ደግሞ ጉዞውን ሊያበላሸው ይችላል። ለእኛ ሰው በቀላሉ የሚገባው እንዲህ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰው ይዛችሁ ስትጓዙ አስቡት። ልዩነቱ ወተት ይፈቀድለታል።

ቬትናም ውስጥ «ቻይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት የቡድሂስቶች የጾም ምግብ ነው። ታይላንድ ውስጥ ቃሉ «ጄ» ነው፣ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ይጻፋል። የጄ ምግብ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም የለበትም። ሽንኩርት ለማይበሉት ለጄይን እምነት ተከታዮች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። «ቬጀቴሪያን» ብቻ ብላችሁ ካዘዛችሁ ግን የዓሣ መረቅ ሊጨመርበት ይችላል። የአስተናጋጁ ጥፋት አይደለም። እነሱ የዓሣ መረቁን የሚያዩት እንደ ጨው ነው። ስለዚህ የዓሣ መረቅም እንደማትፈልጉ ለይታችሁ ንገሩ። ኔፓል ላይ ዳል ባት፣ ማለትም ሩዝና ምስር፣ እየተጨመረ ይበላል፤ ችግር የለም። የሚከብደው ካዛኪስታን ነው። እዚያ የፈረስ ሥጋ የተለመደ ምግብ ነው። አንቲ ጂ ማብሰያ ያለው አፓርትመንት ተከራይተው ምስራቸውንና ቅመማቸውን በሻንጣ ይዘው ነው የሄዱት። ከሁሉ ያዋጣቸውም ያ ነበር።

ፓኬጅ እንግዛ ወይስ ራሳችን እናዘጋጅ?

ለኔፓል፣ ለታይላንድና ለቬትናም ራሳችሁ አዘጋጁ። ለቡታን ወይም ከሽማግሌዎች ጋር ለሚደረግ ጉዞ ፓኬጅ ድካም ያቀልላል። ፓኬጅ ከህንድ ድርጅት ስትገዙ ቲሲኤስ የሚባል ቅድሚያ ግብር ይጨመርበታል። ገንዘቡ አይጠፋም፣ የዓመቱን ግብር ሲያሳውቁ ይታሰብላቸዋል። ግን በዚያ ሰዓት ከኪስ ይወጣል። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ ብዙ ጊዜ እሱን አይጨምርም። ትኬትና ሆቴል ለየብቻ የሚገዛ ሰው ይህ የፓኬጅ ቅድሚያ ግብር አይመለከተውም።

ካርድ ላይም ገንዘብ ይንጠባጠባል። ብዙ የህንድ ክሬዲት ካርዶች ውጭ አገር ሲከፈልባቸው እስከ 3.5 በመቶ ይጨምራሉ። የክፍያ ማሽኑ «በሩፒ ነው በአገሩ ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ንኩ። በሩፒ ካላችሁ ምንዛሬውን የሚወስነው ማሽኑ ነው፣ ያከስራችኋል። ኔፓል፣ ቡታን፣ ስሪላንካና ሞሪሸስ ላይ ህንዶች በለመዱት ዩፒአይ በስልክ መክፈል የሚችሉባቸው ሱቆች አሉ።

ኢትዮጵያስ ለህንዳዊ ቤተሰብ ታዋጣለች?

ይህን የሚጠይቁኝ አገር ቤት በጉዞ ሥራ ላይ ያሉ ወዳጆቼ ናቸው። በርካሽነት ከኔፓል ጋር አትወዳደርም፣ በረራው ረዘም ይላል። ወቅቱ ግን ከሁሉ ይበልጥ ተስማሚ ነው። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከዴልሂና ከሙምባይ ቀጥታ በረራ አለ፣ ኢ-ቪዛም አለ። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (አንዳንድ ዓመት 20) ነው። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ዶላር የያዘ ሰው ብዙ ይገዛል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለገባ መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራም ቅናሽ አለው። የሚሄዱበትን አካባቢ ጸጥታ ግን አስቀድሞ ማጣራት የግድ ነው።

አንድ ማንም የማያነሳው ጥቅም አለ። የገና ጾም ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ገና ዋዜማ ነው። ሥጋ የማይበላ ህንዳዊ በዲሴምበር አዲስ አበባ ቢገባ በየምግብ ቤቱ ሽሮና ምስር፣ ጎመንና በያይነቱ ያገኛል። ለጄይኖች ግን ወጡ ሁሉ ሽንኩርት ስላለው አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

ሌላው የቢጫ ካርድ ጉዳይ ነው። ህንድ ከኢትዮጵያና ከኬንያ የሚመለስን ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፣ የራሷን ዜጋ ጨምሮ። የሌለው ሰው እስከ ስድስት ቀን ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። ክትባቱ ከመነሻው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። እንግዳ የምትቀበሉ ሰዎች ይህን በመጀመሪያው መልእክታችሁ ጻፉላቸው።

ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ህንድ ነው የምማረው። ከህንዳውያን ጓደኞቼ ጋር መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን ለእነሱ የሚሠራው ለእናንተ አይሠራም። ኔፓል ለብዙ አገር ዜጎች ሲደርሱ ቪዛ ትሰጣለች፣ ኢትዮጵያ ግን ከዚያ ውጭ ከሆኑት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። አስቀድማችሁ ከኤምባሲ ማውጣት አለባችሁ። ጓደኞቻችሁ በአውቶቡስ ድንበር ሲሻገሩ እናንተ እንዳትቀሩ። ቡታን ላይ እነሱ በሌሊት 1,200 ሩፒ ሲከፍሉ እናንተ 100 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ቪዛውም ለብቻ ነው። ስለዚህ ለተቀላቀለ ቡድን የምመክረው ቬትናምን ነው። ኢ-ቪዛው ለሁላችሁም አንድ ነው፣ ዋጋውም እኩል ነው።

ዋናው ነገር መመለሻችሁ ነው። የተማሪ ቪዛችሁ ላይ የተጻፈው የመግቢያ ብዛት «መልቲፕል» መሆኑን ዛሬ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ እዩ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ከህንድ የወጣችሁ ዕለት ያበቃል፣ ትምህርታችሁም መንገድ ላይ ይቀራል። የነዋሪነት ምዝገባችሁም ጊዜው ያላለፈ መሆን አለበት። ማደሱ ቀናት ይወስዳል፣ በዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እንኳ አይኖራቸውም። በኖቬምበር ጨርሱት።